ሌባም ሞኝም የሌለበት ጎጆ

በደቡብ ዛምቢያ፣ በቾማ ከተማ ዙሪያ ባለው የእርሻና የግጦሽ መሬት፣ አዋልድጌሳ ሌሊት ሌሊት የቆፈራቸው ጉድጓዶች ሞልተዋል። አዋልድጌሳው ጥሎት የሄደውን ጉድጓድ ሌላ ባለቤት ይወርሰዋል። ከ20 ግራም የማትከብደው ትንሿ ንብ በል ወፍ የጉድጓዱን ጣሪያ በመንቁሯ ፍቃ ጠባብ መተላለፊያ ትሠራና ከመጨረሻው ላይ ነጫጭ እንቁላሎቿን ትጥላለች። እዚያ ብርሃን አይደርስም። ደቡብ አፍሪካዊቷ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ክሌር ስፖቲስዉድ ከመስክ ባልደረባዋ ጋር በዚህ ጨለማ ውስጥ ኢንፍራሬድ ካሜራ አስገብተው እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ ያደረጉት ቅጂ ለማየት የሚከብድ ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዓይኑ ያልተከፈተ፣ ላባ ያላወጣ፣ እናቱ በንብ በሏ ጎጆ ጥላው የሄደች የማር መሪ ወፍ ጫጩት አጠገቡ የተፈለፈለውን የንብ በል ጫጩት በመንቁሩ ጫፍ ባሉት ሹል መንጠቆዎች ነክሶ ይይዛል፤ ያርገፈግፈዋል፤ ሲደክመው ይለቀውና ትንሽ አርፎ እንደገና ይነክሳል። የተነከሰው ጫጩት ነፍሱ እስክትወጣ አንዳንዴ 9 ደቂቃ፣ አንዳንዴ ከ7 ሰዓት በላይ ይወስዳል። በዚህ መሀል ወላጁ ምግብ ይዞ ይገባል። ልጁ እየተገደለ መሆኑን የሚያሳየው ብርሃን የለምና ነካሹን ራሱን ሊያጎርስ ይሞክራል።

ይህ ጫጩት አድጎ የሚሆነው ወፍ ለአፍሪካ ማር ቆራጮች የጥንት ወዳጅ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን የነበረው ፖርቹጋላዊው ሚሲዮናዊ ጄሮኒሞ ሎቦ፣ ስለ ኢትዮጵያ በጻፈው ውስጥ ማር ያለበትን የሚያውቀውን ይህን ወፍ ሳይጠቅሰው አላለፈም። የቦረና ማር ቆራጮችም በፉጨት እየጠሩት ከኋላው ሲሄዱ ኖረዋል። ታዲያ ያንን የዛምቢያ ቅጂ ለሚያይ ሰው ሁለት ፍርዶች ወዲያው ይመጡበታል፤ ማር መሪው ሌባና ነፍሰ ገዳይ፣ ንብ በሏ ደግሞ የልጇን ገዳይ የምታጎርስ ሞኝ። ሁለቱም ፍርዶች ማስረጃ ፊት አይቆሙም። የሰው ሥነ ምግባር ለወፍ አይሠራም ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ይህ ግን ከሥራ የሚያሳርፍ መልስ ነው። የሚበልጠው ምክንያት ሌላ ነው። “ሌባ” ብለን ስንዘጋው ሌብነቱ የሚያስከፍለውን ዋጋ ሳናይ እንቀራለን፤ “ሞኝ” ብለን ስንዘጋው ደግሞ ወፏ በየቀኑ የምትሠራውን የትርፍና ኪሳራ ስሌት ሳናይ እንቀራለን። በቾማ ለዓመታት የተካሄደው ምርምር ያሳየው እነዚህ ሁለት ወገኖች አንዱ ሌላውን እየቀረጸ እዚህ መድረሳቸውን ነው።

ከዋጋው እንጀምር። በዓለም ላይ ካሉት 10,000 ገደማ የወፍ ዝርያዎች ውስጥ 100 ያህሉ ጎጆ ሠርተው፣ እንቁላል ታቅፈው፣ ጫጩት አጉርሰው አያውቁም። እንቁላላቸውን በሌላ ዝርያ ጎጆ ውስጥ ጥለው ይሄዳሉ። ትርፉ ግልጽ ነው፤ ለማሳደግ የሚወጣው ጉልበት ተጨማሪ እንቁላል ለመጣል ይውላል። ትርፉ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ግን ለምን ከመቶ አንድ ብቻ? መልሱን ለማግኘት እናቲቱን ማር መሪ መከተል ይበቃል። ከመሬት በታች የተደበቀ ጎጆ ማግኘት አለባት። ባለቤቲቱ እንቁላል በምትጥልባቸው ጥቂት ቀናት ውስጥ መድረስ አለባት፤ ከዘገየች የእሷ ጫጩት ከሌሎቹ ኋላ ተፈልፍሎ ዕድሉ ያመልጠዋል። ከዚህም በላይ አካሏ ራሱ ለዚህ ሥራ ተለውጧል። የእንግሊዙ የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ቲም በርክሄድ ስፖቲስዉድን ካካተተ ቡድን ጋር በ2011 እንዳሳየው፣ ማር መሪ እንቁላሏን ከመጣሏ በፊት አንድ ቀን ያህል በሆዷ ሙቀት ታቆየዋለች። ስለዚህ እንቁላሉ ጎጆው ውስጥ ሲያርፍ በውስጡ ያለው ሽል ማደግ ጀምሯል፤ ከባለቤቲቱ ጫጩቶችም ቀድሞ ይፈለፈላል። ቀድሞ መፈለፈል ለዚህ ጫጩት የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። እናቱ እንቁላሏን ስትጥል የባለቤቲቱን እንቁላሎች በመንቁሯ ትበሳለች፤ ሳትበሳው የቀረ ካለ የሚፈለፈለውን ጫጩት የሚጨርሰው ያ ባለ መንጠቆ ዕውር ጫጩት ነው። መንጠቆው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ መንቁሩ ሲያድግ ይጠፋል።

በዚሁ ወፍ ላይ የተገኘ አንድ ውጤት ግን ከሁሉም ይበልጥ ቆም ብሎ ማሰብን ይጠይቃል። የማር መሪ እንቁላል በመጠኑም በቅርጹም የሚያሳድጉለትን ወፎች እንቁላል ይመስላል። በዘረመል ምርመራ እንደታየው በዚህ አንድ ዝርያ ውስጥ በእናት በኩል የሚወርዱ ሁለት የዘር ሐረጎች አሉ፤ አንዱ በመሬት ጉድጓድ የሚራቡ ወፎችን፣ ሌላው በዛፍ ሽንቁር የሚራቡትን ይጠቀማል። የተለያዩትም ከ3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ማንም ሰው ከዚህ የሚደርስበት መደምደሚያ ንብ በሏ ባዕድ እንቁላል እየለየች ስትጥል ማር መሪዋ ለማስመሰል ተገደደች የሚል ነው። ስፖቲስዉድ ይህንን መደምደሚያ ሳትፈትነው አላለፈችም። መጠናቸው የተለያየ ባዕድ እንቁላሎች በንብ በል ጎጆ ውስጥ አስቀምጣ ጠበቀች። ንብ በሎቹ እንቁላሎቹን ሳይጥሉ ተቀበሏቸው። እነዚያን እንቁላሎች ያጠቁት ሌሎች ማር መሪዎች ነበሩ። ኋላ የምትመጣው ማር መሪ ከባለቤቲቱ እንቁላል የሚለየውን እየመረጠች ትበሳለች፤ ምክንያቱም እዚያ ጎጆ ውስጥ አንድ ገዳይ ብቻ ነው የሚያድገው፣ ቀድማ የጣለችውም ተቀናቃኟ ናት። በ2013 የወጣው ይህ ጥናት “ሌባና ሞኝ” የሚለውን ተረት ከሥሩ ይነቅለዋል። ማስመሰሉ የተፈጠረው ባለቤቲቱን ለማታለል ነው ብለን ስናምን የነበረው፣ ቢያንስ በመጠኑ በኩል፣ በማር መሪዎች መካከል ካለ ፉክክር የመጣ ሆኖ ተገኘ።

ከጨለማው ወጥተን እዚያው ቾማ ሣሩ ውስጥ ስንገባ ደግሞ ዓይን ዋናው ዳኛ የሆነበት ሌላ ትግል እናገኛለን። ፕሪንያ 10 ግራም ገደማ የምትመዝን፣ ቡናማ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያት ወፍ ናት፤ በእኛም አገር በቁጥቋጦና በማሳ ዳር አትጠፋም። እንቁላሏ ግን ሌላ ነገር ነው። የአንዷ ሰማያዊ፣ የሌላዋ ነጭ፣ የሌላዋ ቀይ ቡናማ፣ የሌላዋ ወይራማ አረንጓዴ ይሆናል፤ በላዩም ነጠብጣብ፣ ሰፋፊ ጠቃጠቆ ወይም የተሞነጫጨረ ቀጭን መስመር ይታከልበታል። አንዲት እናት ግን ዕድሜዋን ሙሉ የምትጥለው አንድ ዓይነት እንቁላል ነው። እንቁላሉ የእናቲቱ ፊርማ ነው ማለት ይቻላል፤ ፊርማውን አስመስላ ልትፈርም የምትመጣው ደግሞ ኩኩ ፊንች የተባለችው ጥገኛ ወፍ ናት። የእሷም እንቁላሎች በመልክ እንደዚያው የተለያዩ ናቸው። ነገር ግን የትኛዋ ፕሪንያ የትኛውን ዓይነት እንደምትጥል አስቀድማ አታውቅም፤ ያላት አንድ ፊርማ ብቻ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ጎጆ ላይ ታሳርፈዋለች። ስፖቲስዉድና የእንስሳትን እይታ የሚያጠናው ማርቲን ስቲቨንስ ከአንዷ ፕሪንያ ጎጆ ወስደው በሌላዋ ጎጆ ውስጥ እንቁላል በማስቀመጥ የትኛው እንደሚጣል፣ የትኛው እንደሚታቀፍ መዘገቡ። ልዩነቱን የለኩትም በሰው ዓይን አልነበረም። ወፎች ለእኛ የማይታየንን አልትራቫዮሌት ጭምር ስለሚያዩ፣ የብርሃን መለኪያ መሣሪያና የወፍን እይታ የሚያሰላ ስሌት ተጠቀሙ። ያገኙት ፕሪንያ ቀለሙን፣ የጠቃጠቆውን መጠንና ሥርጭቱን አንድ ላይ እንደምትመዝን፣ ከእነዚህም ውስጥ የራሷን ከባዕዱ በተሻለ ሁኔታ በሚለዩት ምልክቶች እንደምትተማመን ነው። ይህችን ወፍ ሞኝ ለማለት የሚደፍር ካለ ሁለት የፕሪንያ እንቁላሎች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ራሱን ይፈትን።

ጥገኛዋም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። አንዲት ኩኩ ፊንች በአንድ ጎጆ ውስጥ ደጋግማ እንቁላል ትጥላለች፤ የጥገኛዋ እንቁላሎች ሲበዙ ፕሪንያዋ የትኛው የእሷ፣ የትኛው የባዕድ እንደሆነ መለየት እየተቸገረች ትሄዳለች። ይህም በ2013 በወጣ ጥናት ታይቷል። በ2015 ደግሞ ተመራማሪዎቹ የኩኩ ፊንች እንስት በላባዋ ቀይ ቢሾፕ የሚባለውን፣ ማንንም የማይጎዳውን የሣር ወፍ እንስት እንደምትመስል አሳዩ። የፕሪንያ ምላሽ ደግሞ ሁለቱንም ማጥቃት ሆኗል። ንጹሕ የሆነችውን ቢሾፕ መግፋት አላስፈላጊ ድካም ነው፤ ጠላትን በሰላም ማሳለፍ ግን ከዚያ ይብሳል። እዚህ ላይ የሚታየው ስሌት ነው። ፕሪንያ ሁሉን ባዕድ እንቁላል የማትጥለውም በዚሁ ስሌት ነው፤ በጣም ከተጠራጠረች የራሷን እንቁላል የምትጥልበት ቀን ይመጣል።

“ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ የሚነገር ተረት ነው፤ ዝግመተ ለውጥን ማን አየው? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ አይደለም ወይ?” የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በብዙ የሥነ ሕይወት ትረካዎችም ላይ ሊነሳ ይገባዋል። በዚህ ጉዳይ ግን ላሟ ውላለች። በቾማ አካባቢ ይኖር የነበረ አንድ እንቁላል ሰብሳቢ ለአሥርት ዓመታት ያከማቻቸው እንቁላሎች ተጠብቀው ቆይተው ነበር። እንቁላል መሰብሰብ ወፍን የሚጎዳና ዛሬ በብዙ አገሮች የተከለከለ ልማድ ነው፤ እኔም የምደግፈው አይደለም። የተሰበሰበው ግን ለእውቀት መዋሉ ትክክል ነው። ስፖቲስዉድና ስቲቨንስ ከአንድ አካባቢ የተገኙ፣ የ40 ዓመት ጊዜ የሚሸፍኑ የፕሪንያና የኩኩ ፊንች እንቁላሎችን አነጻጽረው በ2012 ባወጡት ጽሑፍ፣ የሁለቱም ወፎች እንቁላል ቀለም በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ይበልጥ እየተለያየ፣ እየሰፋ መምጣቱን አሳዩ። አንዷ አዲስ ፊርማ ስታወጣ ሌላዋ ትከተላለች፤ የተለመደው ፊርማ በቀላሉ ስለሚኮረጅ ብርቅየው ይተርፋል። ይህ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የተለካ ለውጥ ነው።

በ2022 የወጣው የዘረመል ጥናት ደግሞ የእሽቅድምድሙን ወሰን አመለከተ። ኩኩ ፊንች በዚያ አካባቢ አራት ዓይነት የሣር ወፎችን ታጠቃለች፤ እያንዳንዷ እናት ግን የምታስመስለው ያሳደጋትን ዝርያ ነው። ልጅቷ የእንቁላሏን መልክ የምትወርሰው ከእናቷ ብቻ እንደሆነ ተረጋገጠ። በወፎች ዘንድ ከእናት ወደ ሴት ልጅ ብቻ የሚተላለፈው ደብሊዩ የሚባለው ክሮሞሶም እንዲህ ላለው ውርስ ይመቻል። ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ አባትየው በሌላ ዝርያ ጎጆ ያደገ ቢሆን እንኳ የእናቲቱን ማስመሰል አያበላሸውም። ጉዳቱም ያንኑ ያህል ነው። ፕሪንያ ከእናትም ከአባትም ስለምትወርስ ሰማያዊውንና ቀይ ቡናማውን ቀለም አዋህዳ ወይራማ አረንጓዴ እንቁላል መፍጠር ችላለች። ኩኩ ፊንች በእናት መስመር ታጥራ ስለቀረች ሁለቱን ቀለሞች ማዋሃድ አልቻለችም፤ በቾማም ወይራማ አረንጓዴ እንቁላል የምትጥል ኩኩ ፊንች አልተገኘችም። እንግዲህ “ሌባዋ” እጇ የታሰረ ናት፤ ብልጠቷን የሰጣት ውርስ መውጫዋንም ዘግቶባታል።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ የጫጩቱ ጉዳይ ነው። የጠቃጠቆን ስርጭት የምትለይ ወፍ፣ ከእሷ የሚገዝፍ፣ ልጇን በምንም የማይመስል ጫጩት ስታሳድግ እንዴት ሞኝ አትባልም? ለዚህ ጥሩ መልስ የሰጠው እስራኤላዊው ተመራማሪ አርኖን ሎተም ነው። በ1993 ባወጣው ትንተና እንዲህ ብሎ አሰላው፤ አንዲት ወፍ የልጇን መልክ የምትማረው ከመጀመሪያ ጫጩቶቿ ቢሆንና የመጀመሪያ ጎጆዋ በጥገኛ ቢያዝ፣ የምታየው የጥገኛውን ጫጩት ብቻ ነው፤ የራሷ ልጆች ሞተዋልና። ያንን “ልጄ” ብላ ከተማረች ከዚያ በኋላ የሚወለዱላትን እውነተኛ ልጆች በሙሉ ትጥላለች። በእንቁላል ላይ የሚሠራ ስህተት ይህን ያህል አይጎዳም፤ የራሷም እንቁላል ከባዕዱ ጎን አለና። ስለዚህ ጫጩትን ለመለየት የማትሞክር እናት፣ ሞክራ ዕድሜ ልኳን ከምትሳሳተው የተሻለ ትርፍ አላት። ይህ ማለት ግን ጫጩትን መለየት ጨርሶ አይቻልም ማለት አይደለም። በአውስትራሊያ ፌሪ ሬን የተባሉት ትንንሽ ወፎች ጎጆአቸው ውስጥ ብቻውን የቀረውን፣ ኩኩ የተባለውን ሌላ ጥገኛ ወፍ ጫጩት ጥለው እንደሚሄዱ በ2003 ተመዝግቧል፤ ሁልጊዜ ባይሆንም ያደርጉታል። መንገዱ ክፍት በሆነበት ቦታ መከላከያው ይፈጠራል ማለት ነው። በአዋልድጌሳ ጉድጓድ ጨለማ ውስጥ ያለችው ንብ በል ያ መንገድ የላትም።

ያ ገዳይ ጫጩት አድጎ ሲወጣ የሰው ወዳጅ መሆኑስ? እዚህም ፍርድ ትተን ማስረጃ ስንከተል ነው የምናተርፈው። ወላጆቹን አይቶ የማያውቅ፣ ያሳደጉት ንብ በሎችም ስለ ማር ምንም የማያስተምሩት ወፍ ሰውን ወደ ማር የመምራት ዝንባሌውን ከተፈጥሮው ይዞት ይወጣል። ኬንያዊው ተመራማሪ ሁሴን ኢሳክ ከሃይንዝ ኡልሪክ ሬየር ጋር በሰሜን ኬንያ ባሉ ቦረናዎች ዘንድ ያጠናውና በ1989 የታተመው ሥራ፣ ማር ቆራጮች በማያውቁት አካባቢ ወፉ ሳይመራቸው አንድ ቀፎ ለማግኘት በአማካይ 8.9 ሰዓት፣ በወፉ ሲመሩ ግን 3.2 ሰዓት እንደሚፈጅባቸው አሳየ። ስፖቲስዉድ በበኩሏ በሰሜን ሞዛምቢክ ከያኦ ማር ቆራጮች ጋር ሠርታ በ2016 ያወጣችው፣ ቆራጮቹ ከአባቶቻቸው የተማሩትን የተለየ ጥሪ ሲያሰሙ በወፉ የመመራት ዕድላቸው ከ33 ወደ 66 በመቶ እንደሚያድግ ነው። በ2023 ከብራያን ዉድ ጋር ባሳተመችው ጥናት ደግሞ፣ በታንዛኒያ ያሉ ማር መሪዎች ለሃድዛ ማር ቆራጮች ፉጨት፣ በሞዛምቢክ ያሉት ለያኦዎች ጥሪ ይበልጥ እንደሚመልሱ ታየ። እንግዲህ ዝንባሌው ከተፈጥሮ የመጣ ቢሆንም ወፉ የየአካባቢውን ሰው ቋንቋ አድጎ ይማራል። በጎጆ ውስጥ የሚገድለውና በጫካ ውስጥ የሚመራው አንድ ወፍ ነው፤ አንዱን ጠልተን ሌላውን የምንወድበት ምክንያት በእሱ ዘንድ የለም።

ይህ ሁሉ እውቀት የተገኘው ከጎጆ ነው፤ ጎጆ የሚያገኙት ደግሞ በዚያ መሬት ላይ ያደጉ ሰዎች ናቸው። በቾማ ጎጆ እያገኙ የሚያመለክቱት የአካባቢው ነዋሪዎች ባይኖሩ ኖሮ ካሜራውም የብርሃን መለኪያውም ከሻንጣ አይወጡም ነበር። በ2022ቱ የዘረመል ጥናት ላይ የዛምቢያ የመስክ ባልደረቦች ስም ከጸሐፊዎቹ ተርታ የተጻፈው በችሮታ አልነበረም፤ የሚገባቸው ስለሆነ ነው። ስፖቲስዉድ ለአገራችንም እንግዳ አይደለችም። ከመሪድ ነጋ ገብረሚካኤልና ከጁሊያን ፍራንሲስ ጋር የኢትዮጵያን ወፎች የሚያስጎበኝ መጽሐፍ በ2010 አሳትማለች። በ2009 ከባልደረቦቿ ጋር ባወጣችው ጥናትም ነገሌ ቦረና አጠገብ ባለው የሊበን ሜዳ ላይ የምትኖረው የሊበን ላርክ የተባለች ወፍ፣ የሣሩ መሬት እየተጎዳ በመሄዱ፣ በአፍሪካ ዋና ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመዘገበው የወፍ መጥፋት ልትሆን እንደምትችል አስጠንቅቃለች። በመሬት ላይ በሣር ሥር የምትራባ ወፍ ሣሩ ከሄደ እንቁላሏን የምትደብቅበት የላትም። ቦረናዎች ካሎ የሚሉት፣ ለጥጃና ለደካማ ከብት ተከልሎ የሚቆይ የሣር መሬት ለዚህች ወፍም መጠጊያ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ፕሪንያ፣ ንብ በልና ማር መሪ በአገራችን ሞልተዋል። ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲዎቻችን የሥነ ሕይወት ትምህርት ክፍሎች የማቀርበው ጥያቄ አለ። ለመመረቂያ ጽሑፍ በአንድ ወቅት ተጀምሮ በዚያው ወቅት ከሚያልቀው የወፍ ቆጠራ አልፋችሁ፣ አንድ ሜዳ ምረጡና አሥርና ሃያ ዓመት የማይዘጋ የጎጆ መዝገብ ክፈቱ። ተማሪ ሲመረቅ ለተከታዩ ያስረክብ። ጎጆው የት እንዳለ የሚያውቁትን እረኞች ፈልጉ፤ ለሥራቸው ክፈሏቸው፤ ስማቸውንም በጥናቱ ላይ ጻፉ።